ወገብ ያለው ቀሚስ ፍለጋ፤ ከወሊሶ እስከ መርካቶ

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 11፡00። ወሊሶ

ወሊሶ ገና አልነቃችም። መናኸሪያው በር ላይ ሻይ የምትሸጠዋ ሴት ብቻ ተነሥታለች፤ እሷም ከእንቅልፏ ጋር እየተጣላች ነው። ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ መንገዱን ስላጨቀየው ከቤት እዚህ እስክደርስ ጫማዬ በጭቃ ሁለት ኪሎ ጨምሯል። እኔ ደግሞ ኪሎ የሚቸግረኝ ሰው አይደለሁም።

የገጼ ተከታታዮች ታውቁኛላችሁ። ብዙ ጊዜ የምጽፍላችሁ ስለ ወንጪ ሐይቅ፣ ስለ ፍል ውኃው፣ ስለ ጅማ መንገድ ምግብ ቤቶች ነው። ዛሬ የምሄደው መርካቶ ነው፣ ልብስ ልገዛ። ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር “ለወፍራም ሴት የሚያምር ልብስ የት ይገኛል?” እያላችሁ ስትጠይቁኝ ዝም ብያችኋለሁ። ኩራት እንዳይመስላችሁ፤ ስለማላውቅ ነው። እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ የለበስኩት ጆንያ ነው። አበባ ቢታተምበትም ያው ጆንያ ነው።

የምገዛው ግን ለራሴ አይደለም። ለእህቴ ለትርሲት ነው።

ትርሲት በስምንት ዓመት ታንሰኛለች። እንደ ሸንበቆ ቀጥ ያለች፣ ባንክ ስትሠራ ከተማው በሙሉ አለባበሷን የሚያወራላት ልጅ ነበረች። ቁምሳጥኔ ክፍት ከሆነ “እታለም፣ ይሄ ድንኳን የማን ነው?” እያለች ትስቅብኝ ነበር። ከዓመት በፊት ኩላሊቷን ታመመችና የተሰጣት መድኃኒት አሳበጣት። ፊቷ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ፣ ወገቧ ጠፋ። የእኔ ቀሚስ ለመጀመሪያ ጊዜ ልክ የሆናት ቀን ውስጤ ደስ አለው። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ ነው ያለኝ። ማታ ግን ተደብቃ ስታለቅስ ሰምቼ ደስታዬን ጠላሁት።

ከሦስት ወር በፊት ያንኑ ቀሚሴን ለብሳ ለቀጠሮ ሆስፒታል ሄደች። ወረፋ ላይ አንዲት እናት ከመቀመጫቸው ተነሡላትና “ነይ አረፍ በይ ልጄ፣ ማርያም በሽልም ታውጣሽ” ብለው መረቋት። ትርሲት እርጉዝ አይደለችም። ትዳሯም የፈረሰው ልጅ እምቢ ስላላት ነው። ወረፋዋን ትታ ወጥታ ቤት ገባች፤ ከዚያ ወዲህ ከበር አልወጣችም። ሁለት ቀጠሮ አመለጣት። ነርሷ ደውላ “ሐኪሙ ሳያያት መድኃኒቱን መቀነስም መጨመርም አይቻልም፤ ኩላሊቷ እየባሰበት ከሆነ በምን እናውቃለን?” አለችኝ። ሦስተኛው ቀጠሮ ከነገ ወዲያ ሰኞ ነው።

ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ የንስሐ አባታችንን አመጣሁባት። ሐሙስ ማታ በስንት ጣር ተረታች።

“ወገብ ያለው ቀሚስ ካመጣሽልኝ እሄዳለሁ” አለችኝ። “ወፈረች ይበሉኝ፣ ግድ የለኝም። አረገዘች እንዳይሉኝ ብቻ።”

በሜትር ተለካካን። ደረታችንም ወገባችንም ዳሌያችንም አንድ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ እኔን የሆነ ሁሉ እሷን ይሆናታል ብለን ተስማማን።

12፡15። ቱሉ ቦሎ

የሚኒባሱ ረዳት ጢሙ ሽበት የጀመረው ጎልማሳ ነው። ወሊሶ ላይ ስቀመጥ አየኝና ራሱን ነቀነቀ።

“እህቴ፣ የሁለት ሰው ትከፍያለሽ። ካንቺ ጋር ሦስተኛ ሰው አይገባልኝም።”

“ሒሳቡ በኪሎ ከሆነ” አልኩት፣ “ለዚያ ለከሳው ሰውዬ ቅናሽ አድርግለታ።”

ተሳፋሪው ሳቀ። ከሳ የተባለው ሰውዬም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ሰው እንዳይቀድመኝ ሁልጊዜ በራሴ የምስቀው እኔው ነኝ። በአንድ ሰው ተኩል ተስማማን። ግማሹ ሰው የትኛው ክፍሌ እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

ከቱሉ ቦሎ ወዲያ ጤፉ ገና አጭር ነው፣ ጥቁሩ አፈር ውኃ አቁሯል። ተጂ ስንደርስ አንድ ሲኖትራክ መንገድ ስቶ አፍንጫውን ቦይ ውስጥ ደፍቷል። ሹፌሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ በስልክ ያወራል። የኛ ሹፌር ፍጥነቱን ቀነስ አድርጎ አየው፣ “ነፍሱ ተርፋለች፣ ብረቱን ይተወው” አለና ነዳ።

ሰበታ ላይ ትርሲት ደወለች።

“ጥቁር እንዳይሆን። ሐዘን የተቀመጥኩ ነው የሚመስለው።”

“እሺ።”

“ዛሬ ደግሞ እግሬ ጫማ እምቢ አለኝ” ብላ ሳቀች።

ነጠላ ጫማ አድርጊ አልኳት። ልቤ ያለው ቀለሙ ላይ ነበር። ሰማያዊ ይሁን ወይስ ቀይ እያልኩ አየር ጤና ደረስኩ።

2፡30። መሳለሚያ

ከአየር ጤና ታክሲ ይዤ መሳለሚያ ወረድኩ። ሱቆቹ የብረት መዝጊያቸውን እያነሡ ነው። ከበርበሬ በረንዳ በኩል የሚመጣው ሽታ ገና በጠዋቱ ያስነጥሳል።

መርካቶ ለቀጭን ሰውም አይራራም። ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ መተላለፊያ ውስጥ ፍራሽ የተሸከመ ወዛደር “ጀርባ፣ ጀርባ” እያለ ሲመጣ ሁሉም ሰው ሆዱን ወደ ውስጥ ይስባል። እኔ የምስበው ብዙ ስለሆነ ጊዜ ይወስድብኛል። አንዱ በፍራሹ ጠርዝ ትከሻዬን መታኝና “ይቅርታ ማዘር፣ መንገዱ ጠቦ ነው” አለኝ። አነጋገሩ ደግ ነበር።

የመጀመሪያው ሕንፃ ምድር ቤቱ በሙሉ የሴት ልብስ ነው። ከፊቴ የምትሄደው ልጅ በየበሩ ስትደርስ “ነይ ግቢ፣ የኔ ቆንጆ” ይሏታል፤ እኔ ስደርስ ስልካቸውን ያያሉ። አንዷ ሻጭ ከጫማዬ እስከ ፀጉሬ አየችኝና ሳልጠይቃት “የሚሆንሽ የለም” አለች። ሁለተኛዋ ተሻለች።

“ይለጠጣል” አለችኝ፣ አንድ ቀይ ቀሚስ በሁለት እጇ እየጎተተች። “ፍሪ ሳይዝ ነው፣ ማንንም ይሆናል።”

ማንንም ይሆናል የተባለው ቀሚስ ከመጋረጃው ጀርባ ትከሻዬ ላይ ሲደርስ ቆመ። ወደ ላይም ወደ ታችም አልል አለ። እጆቼ እንደተሰቀሉ፣ ፊቴ በጨርቅ እንደተሸፈነ፣ “እህት፣ ሳቢልኝ” ብዬ ተጣራሁ። ስትስበው ስፌቱ ጮኸ። “ከተቀደደ ትገዢዋለሽ” አለችኝ። በጨርቁ ውስጥ ሆኜ ትርሲትን አሰብኳት። ይዣት ባለመምጣቴ ፈጣሪን አመሰገንኩ።

ፎቅ ላይ ትልልቅ ቁጥር የሚሸጥ ሱቅ አለ ተባልኩና ወጣሁ። አለ፣ አልዋሹኝም። ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት ቀጥ ብሎ የሚወርድ፣ ቡናማና ግራጫ፣ ዋጋው ከሦስት ሺህ ብር ጀምሮ።

“ለእናትሽ ነው?” አለችኝ ሻጯ።

“ለታናሽ እህቴ። ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ወገብ ያለው የለሽም?”

“በዚህ ቁጥር ወገብ ያለው አይመጣም።”

3፡20። ሦስተኛ ፎቅ

ለምን እንደማይመጣ የሚያስመጣውን ሰው ልጠይቅ ብዬ ወደ ጅምላ ሻጮቹ ወጣሁ። አንዱ ከቱርክ የሴት ልብስ የሚያስመጣ ሰው አነጋገረኝ። ስሙን አልጽፍም፤ ያወራኝ በቅንነት ነው።

“የምሸጠው በእሽግ ነው” አለኝ። “አንድ እሽግ ስድስት ቀሚስ፣ ከትንሹ እስከ ትልቁ። ድሮ ትልልቁም አብሮ ይመጣ ነበር። ቸርቻሪው ሌላውን ሸጦ ትልቁ ይቀርበታል፣ በሌላ ጊዜ ሲመጣ እሱን ቀይርልኝ ብሎ ይጨቀጭቀኛል። አሁን ሳዝ ትልልቁን አውጡልኝ እላለሁ።”

“የሚቀርበት ገዢ ስለሌለው ነው?”

“ገዢማ ሞልቷል። አይጠይቁም እንጂ። ወፍራም ሴት በር ላይ ቆማ አይታ ትሄዳለች፣ ገብታ አለ ወይ አትልም። ሰው ያላለኝን ዕቃ እንዴት ላምጣ? አንቺ ራስሽ ሳትጠይቂ ስንት ዓመትሽ ነው?”

“ሃያ” አልኩት።

አልሳቀብኝም። ወንበር ሰጠኝ፣ የታሸገ ውኃ ከፈተልኝ። ውኃውን እየጠጣሁ ትንሽ ተሟገትኩትና ወረድኩ።

4፡10። የአባያ ሱቆች

ወደ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አቅጣጫ ሲወጣ አባያና ድሪያ የሚባሉ ሰፋፊ ረጃጅም ቀሚሶች የሚሸጡ ሱቆች ተደርድረዋል። ለጠየቃችሁኝ አንድ የምመሰክረው ይህን ነው፤ ሰውነቴን ያላዩት፣ ፊቴን ያዩት እዚህ ብቻ ነው። የአንዱ ሱቅ ባለቤት እትዬ ዘሀራ የወሎ ሰው ናቸው፤ ሳልጠይቃቸው በርጩማ ገፉልኝ።

“እግርሽ ዝሏል፣ ተቀመጪ የኔ ልጅ።”

ተቀመጥኩና ነገሩን አጫወትኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። አንድ የሚያምር አረንጓዴ አባያ ከመስቀያው አወረዱ፣ ጭናቸው ላይ ዘረጉት፣ መልሰው አጠፉት።

“ልሸጥልሽ እችል ነበር” አሉ። “ላንቺም ለእህትሽም ይሰፋል። ግን እሷ ያለችሽ ይሄን አይደለም። ይሄን ወስደሽላት ደግማ ብትቀር ወንጀሉ ለእኔም ይተርፈኛል።”

“ታዲያ የት ልሂድ እትዬ?”

“ሰፊ ሆኖ ወገብ ያለው የሚሰፋው ፈረንጅ አገር ነው። ቦንዳ ሂጂና ፈልጊ። ርዝመቱ ከበዛብሽ እዚያው በረንዳ ላይ ጋሽ ሙሄ አሉ፣ ያገሬ ሰው ናቸው፣ እጃቸው ወርቅ ነው። እህትሽን አላህ ዓፊያ ያርጋት።”

ብድግ ስል አረንጓዴውን አባያ በዓይኔ ተሰናበትኩት። ለእኔ ብገዛው ኖሮ ያምርብኝ ነበር።

4፡40። ቦንዳ

ቦንዳ ማለት ከውጭ ተጨምቆ በትልቅ እስር የሚመጣ ያገለገለ ልብስ ነው። እስሩ ሲፈታ ልብሱ ሸራ ላይ ይቆለላል፣ ሻጯ ክምሩ ላይ ትቀመጣለች፣ ገዢው ጎንበስ ብሎ ይቆፍራል። ሽታው የብል መድኃኒትና የሰው ቤት ሽታ ነው።

ግማሽ ሰዓት ቆፈርኩ። ጉልበቴ እምቢ ሲለኝ ሸራው ላይ ተንበርክኬ ቀጠልኩ። ሰፊ ሸሚዝ አገኘሁ፣ ሰፊ ሱሪ አገኘሁ፣ ከዚያ አንድ ሰማያዊ እጅጌ ይዤ ስስብ መጣ፣ መጣ፣ አላልቅ አለ። ቀሚስ ነው። ጨርቁ ከበድ ያለ፣ ወገቡ ላይ ከራሱ ጨርቅ የተሠራ ሰፊ ቀበቶ የተሰፋበት፣ ከቀበቶው በታች ዘርጋ እያለ የሚወርድ፣ ከኋላ ዚፕ ያለው።

ሻጯና ጓደኛዋ አንሶላ ዘርግተው ጋረዱኝ። ለበስኩት። ሻጯ ከኋላ ዚፑን ሳበችው፣ እስከ አንገቴ ድረስ አንድም ቦታ ሳይዝ ተዘጋ።

“ውይ፣ ላንቺ ነው የተሰፋው” አለች።

አንድ ሱቅ በር ላይ ባለ መስተዋት ራሴን አየሁ። ወገብ እንዳለኝ በአርባ አንድ ዓመቴ አወቅኩ። ደስ አለኝ፣ ወዲያው ደግሞ ያለፉት ሃያ ዓመታት አናደዱኝ። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ያለችኝን በዘጠኝ መቶ ጨረስን። የመጀመሪያዋ ባለቤት ረጅም ሴት ሳትሆን አትቀርም፤ ጫፉ መሬት ይጠርጋል። ትርሲት ደግሞ ከእኔም አንድ ጣት ታጥራለች።

5፡30። የጋሽ ሙሄ በረንዳ

እዚህ ላይ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው ላይ እንዳላመካኝ እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

ጋሽ ሙሄ ወደ ሰባ የሚጠጉ፣ መነጽራቸው በክር የታሰረ ሰው ናቸው። በረንዳው ላይ አምስት የስፌት መኪና ተደርድሯል፣ አምስቱም ጋ ወንዶች ተቀምጠዋል። ስደርስ አምስቱም ቀና ብለው አዩኝ። ጠዋት ረዳቱን አፉን ያስያዝኩት ሴትዮ፣ ጅምላ ሻጩን የሞገትኩት ሴትዮ፣ አፌ ተሳሰረ። ማለት የነበረብኝ “ርዝመቱን ብቻ፤ ስፋቱን እንዳይነኩት፣ እህቴ እኔን ነው የምታክለው” ነው። አምስት ወንድ ፊት ስለ ስፋቴ ማውራት አፈርኩ።

“ጋሼ፣ ይቺን ያስተካክሉልኝ” አልኩ ጫፉ ላይ በስፒል የያዝኩትን እያሳየሁ። “ለእህቴ ናት።”

“ታላቅሽ ናት ታናሽሽ?”

“ታናሼ።”

“እሺ ልጄ። ሰባት ሰዓት ላይ ድረሺ።”

ወደ ራጉኤል ወጣሁ። ተሳለምኩና ቅጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፣ ጫማዬን አውልቄ እግሬን አሳረፍኩ። ብዙ አልጸለይኩም። “ሰኞን አድርስልኝ” ብቻ ነው ያልኩት። ሁለት ፓስቲ በላሁና ተመለስኩ።

ቀሚሷ ተተኩሳ ግድግዳው ላይ ተሰቅላለች። ከሩቅ ሳያት የሌላ ሰው መሰለችኝ። ቀረብ ስል አወቅኳት። ጠባለች። በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ የአንዲት ቀጭን ልጃገረድ ቀሚስ ሆናለች፤ ስፌቷ ከፋብሪካ የወጣ ነው የሚመስለው።

“አሳምሬልሻለሁ” አሉኝ ጋሽ ሙሄ።

“ጋሼ፣ ምን አደረጉ?”

“ያልሽኝን። አስተካከልኳት።”

ለካ በዚያ በረንዳ ከቦንዳ የወጣ ሰፊ ቀሚስ “ይስተካከል” ከተባለ ይጥበብ ማለት ነው። ሌላ ፍቺ የለውም። ነጋዴዎቹ ሰፊ ያገኙትን ሁሉ እዚህ አምጥተው አስጠብበው ነው የሚሸጡት። ለጠየቃችሁኝ፣ መልሱን ያገኘሁት እዚህ ነው። ለእኛ የሚሆን ልብስ መርካቶ ይገባል፤ እኛ ሳንደርስበት ግን ይጠብባል። ካሰባችሁት ቅዳሜ ጠዋት እስሩ ሲፈታ ሂዱ፣ ስታሰፉም ስፋታችሁን ለመናገር አትፈሩ።

የሰባት ሰዓት ሰው በሚተራመስበት በረንዳ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ጋሽ ሙሄ መነጽራቸውን አወለቁ።

“ምን በደልኩሽ ልጄ?”

“እህቴ እኔን ነው የምታክለው። ኩላሊቷን ታማ አብጣ ነው። ሰኞ ሐኪም ጋ መቅረብ አለባት፣ ልብስ አጥታ ሁለቴ ቀርታለች።”

“አስተግፊሩላህ። ምነው ቀድመሽ ብትነግሪኝ?”

“አፍሬ ነው።”

መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁና ቀሚሷን ከግድግዳው አወረዱ። ሌሎቹም መኪናቸውን አቆሙ። “ሠላሳ ዓመት ሳጠብ ነው የኖርኩት” አሉ፣ ከእኔ ይልቅ ለራሳቸው። “በስፋቱ ይሁን ያለኝ ሰው አላጋጠመኝም።”

ከመኪናው ሥር ካለው ጆንያ ውስጥ የቆረጡትን ጨርቅ ፈልገው አወጡ፣ የጎኑንም የጫፉንም። የጎኑን ስፌት በምላጭ ፈቱት። ቁርጥራጩን ገጣጥመው በግራም በቀኝም ከብብት እስከ ታች ረጅም ጥብጣብ አስገቡበት። ከአምስቱ አንዱ ክር ሲያቀብላቸው፣ ሌላው ሲተኩስላቸው ሁለት ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ማንም በዚያ መሀል ሌላ ሥራ አልሠራም።

“ሁለት ጣት ትርፍ ጨምሬበታለሁ” አሉኝ ሲጨርሱ። “የታመመ ሰው አይጥበቀው።”

አንሶላ ጋርደውልኝ ለካሁት። ተዘጋ፣ ላላም አለ። የጥብጣቡ ስፌት ከብብቴ እስከ ባቴ በጉልህ ይታያል፤ ወገቡ ግን አለ። ገንዘብ ብሰጣቸው እጄን መለሱት። “ሰኞ ስትሄድ ዱዓ አደርግላታለሁ” አሉኝ። ከመርካቶ የወጣሁት ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ነው።

ምሽት 12፡15። ቤት

በመልሱ መንገድ የምጽፈው የለኝም። ቀሚሱን እንዳይጨማደድ ጭኔ ላይ ዘርግቼ ተኛሁ።

ትርሲት ፀጉሯን ታጥባ፣ ተሠርታ ጠበቀችኝ። ፌስታሉን ራሷ ከፈተች። ቀሚሱን ከፊቷ ዘርግታ ይዛ አገላበጠችው፤ ስፌቱን አይታ እንደሆነ ፈራሁ።

“ወገብ አለው” አለች።

ለበሰችው። ከኋላዋ ቆሜ ዚፑን ሳብኩ። ወገቧ ጋ ሲደርስ ቆመ።

“ትንፋሽሽን ያዢ።”

“ትንፋሽ ከየት አምጥቼ ልያዝ?” አለችኝ።

አልቀለደችም። ያን ጊዜ አተነፋፈሷን ሰማሁት። ሐሙስ ከእኔ ጋር እኩል ነበረች። ጋሽ ሙሄ ሁለት ጣት ጨምረውበታል። አሁን በዚፑ ግራና ቀኝ መሀል አንድ ጋት ሙሉ ጀርባዋ ይታያል። ጎንበስ ብዬ ቅልጥሟን በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። ጣቴን ሳነሣ ጉድጓዱ እዚያው ቀረ። ጠዋት “እግሬ ጫማ እምቢ አለኝ” ስትለኝ የነገረችኝ ይህን ነበር፤ እኔ ቀለም ስመርጥ ነበር።

“ተነሺ፣ አሁን እንሄዳለን” አልኳት።

“ቀጠሮዬ ሰኞ ነው።”

“አሁን ነው የምንሄደው ትርሲት።”

ልትከራከረኝ አፏን ከፈተች፤ ትንፋሹ አልበቃትም። ዚፑን ባለበት ትቼ በመርፌ ቁልፍ ያዝኩት፣ ሹራቤን ከላይ ደረብኩላትና ባጃጅ ጠራሁ።

ምሽት 1፡30። ሆስፒታል

ድንገተኛ ክፍል ወዲያው አስገቡን። ሐኪሙ ወጣት ነው። ደረቷን አዳመጠ፣ እግሯን ነካ፣ ደም አስወሰደ። ሳንባዋ ውኃ መያዝ ጀምሯል አለ። “እስካሁን ለምን አላመጣችኋትም?” ሲለኝ ልብስ አጥታ ነው ማለት አቃተኝ። ቀጠሮ አምልጧት ነው አልኩት። ያ ሁሉ ቀን ያለቀበትን ነገር ለመናገር ዛሬ ለሁለተኛ ጊዜ አፈርኩ።

“ትተኛለች” አለ። “የሌሊቱን ሁኔታ እናያለን።” ከዚያ በላይ ምንም ቃል አልሰጠኝም።

ነርሷ የሆስፒታሉን ጋውን አመጣች፣ ከፊት ተለብሶ ከኋላ የሚታሰር። ሰማያዊውን ቀሚስና ሹራቡን አውልቀን የምርመራው አልጋ ላይ ተውናቸው፤ ነርሷ ቶሎ ቶሎ ትለን ነበር። ጋውኑን አለበስኳትና ማሰሪያዎቹን ስስብ አልተገናኙም። ሌላ ጠየቅኩ። “ያለው አንድ ልክ ነው” አለችኝ ነርሷ፣ አዝና ነው የተናገረችው። ተሽከርካሪ ወንበሩም ተይዟል።

መኝታ ክፍሉ ከኮሪደሩ ጫፍ ነው። ግራና ቀኝ አግዳሚ ወንበር ላይ አስታማሚዎች ተቀምጠዋል፤ ብዙዎቹን እናውቃቸዋለን፣ እነሱም ያውቁናል። ነርሷ በክንዷ ደገፈቻት። ትርሲት ቀና ብላ፣ በየሁለት እርምጃው እየቆመች ትሄዳለች። እኔ የጋውኑን ሁለት ጫፍ በእጄ ጨብጬ፣ ደረቴንና ሆዴን ጀርባዋ ላይ አስጠግቼ ተከተልኳት።

“እታለም” አለችኝ ሳትዞር። “ጀርባዬ ይታያል?”

“አይታይም” አልኳት። እውነቴን ነው። እኔ ከኋላዋ ነበርኩ፣ ከእኔ አልፎ የሚያይ ሰው አልነበረም።